ያልጠጣነው ቢራ ሒሳቡ የት ገባ?

በገበያ ዓለም አንድ የታወቀ ነገር አለ። ያልተጻፈ ትርፍ ትርፍ አይባልም። ነጋዴ ማታ ሱቁን ሲዘጋ «ዛሬስ ደህና ሸጥሁ» ቢል፣ ደህና መሸጡን የሚያረጋግጠው ደብተሩን ከፍቶ ሲደምር ነው። ካልደመረ ገንዘቡ በአንድ ኪሱ ገብቶ በሌላው ይወጣና፣ በወሩ መጨረሻ የሱቅ ኪራይ ሲጠየቅ ራሱን ይዞ ይቀመጣል። ይህን ከእኔ ይልቅ የዚህ ገጽ አንባቢ አሳምሮ ያውቀዋል። የዛሬው ጨዋታዬ ግን ስለ ጤፍ ወይም ስለ ሲሚንቶ ዋጋ አይደለም። ስለ መጠጥ ነው። በትክክል ለመናገር ደግሞ፣ ስላልተጠጣ መጠጥ ነው።

ለአንድ ወር መጠጥ ትቶ በዚያ ሰበብ ለበጎ አድራጎት ገንዘብ ማሰባሰብ በውጭው ዓለም የተለመደ ሥራ ከሆነ ሰንብቷል። ነገሩን የሰማ የኛ ሰው ሁለት ነገር ይላል። አንዱ «ፈረንጅ ጾምን ገና አሁን አወቀ እንዴ?» ብሎ ይስቃል። ሌላው «እኛ ነጋዴዎች ካልጠጣን በምን ልንገበያይ ነው?» ብሎ ይሰጋል። ሁለቱም የሳቱት አንድ ቁም ነገር አለ እላለሁ። የዚህ ዘመቻ ጉልበት መጠጥ መተዉ ላይ ሳይሆን ሒሳቡ ላይ ነው። መተዉንማ እኛም እናውቅበታለን። የማናውቅበት የተተወውን ቆጥሮ ለባለጉዳዩ ማድረሱን ነው። ይህን የምለው ሌላውን ለመንቀፍ አይደለም። ራሴ አፍሬበት ስላየሁት ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

የቴሌቪዥኑ ነገር

በቅድሚያ የሌሎቹን እንይ። እ.ኤ.አ. በ2008 በአውስትራሊያ፣ በሲድኒ ከተማ 3 ጓደኛሞች የጁላይን ወር ያለ መጠጥ ለማሳለፍ ይስማማሉ። ዓላማቸው ትንሽ ነበረች። በከተማው በሚገኘው ፕሪንስ ኦፍ ዌልስ ሆስፒታል ታካሚዎች ተራ ለሚጠብቁበት ክፍል ቴሌቪዥን ለመግዛት 3,000 ዶላር ማግኘት ነበር። ወሬው በሬዲዮ ሲሰማ ብዙ ሰው ተቀላቀላቸውና ገንዘቡ ከ250,000 ዶላር በላይ ሆኖ አረፈው። ከዚያ ወዲህ «ድራይ ጁላይ» የሚባል ቋሚ ድርጅት ሆኖ በየዓመቱ ለካንሰር ሕሙማን መጓጓዣ፣ ማረፊያና ሌላም ድጋፍ የሚውል ገንዘብ ይሰበስባል። እስካሁን ያሰባሰበው ከ50 ሚሊዮን ዶላር በልጧል።

አሠራሩን ልብ በሉ፤ የገበያ ሰው የሚወደው አሠራር ነው። ተሳታፊው አስቀድሞ ስሙን ያስመዘግባል። ከዚያ ወዳጁ፣ የሥራ ባልደረባው፣ አለቃው «አንተ ወሩን ከጨረስህ እኔ ይህን ያህል እሰጣለሁ» ብለው ገንዘቡን በስሙ ገቢ ያደርጋሉ። ማን ምን ያህል እንደሰበሰበ በይፋ ይታያል። ሰርግ ወይም ልደት መጥቶ አላስችል ያለው ተሳታፊ ደግሞ «የወርቅ ትኬት» የሚባል ነገር አለለት። የተወሰነ ገንዘብ ለዘመቻው ከፍሎ ለአንዲት ምሽት ፈቃድ ይገዛል። ስለዚህ ወሩን ቢጠብቅም ሆነ ቢያፈርስ ታማሚው አይከስርም። እንዲህ ያለ ውል ያረቀቀ ሰው ድለላ ቢገባ ኖሮ ሁላችንንም ከገበያ ባስወጣን ነበር!

በዚያው አገር «ፌብፋስት» የሚባል ሌላ ዘመቻ አለ። ስሙ ሲፈታ «የፌብሩወሪ ጾም» ማለት ነው። ገቢው በመጠጥና በአደንዛዥ ዕፅ ለተቸገሩ ወጣቶች መርጃ ይውላል። በእንግሊዝ ደግሞ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2013 ሁለት ዘመቻዎች በአንድ ወር ተጀመሩ። አንደኛው የካንሰር ምርምር ድርጅቱ «ድራያትሎን» ያለው ሲሆን ቀጥታ ገንዘብ ለማሰባሰብ የታሰበ ነበር። ሁለተኛው «ድራይ ጃንዋሪ» ነው። ይህኛው በመጀመሪያው ዓመት 4,000 ያህል ሰው ብቻ ነበር የተመዘገበበት፤ ዋና ዓላማውም ሰው ከመጠጥ ጋር ያለውን ግንኙነት ቆም ብሎ እንዲመረምር ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ ማክሚላን የተባለው የካንሰር ሕሙማን ረዳት ድርጅት የኦክቶበርን ወር ለዚሁ ሥራ ያዘ።

ወሩ ለጠጪው ለራሱ ምን ይፈይዳል ለሚል፣ የሰሴክስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 «ድራይ ጃንዋሪ»ን የሞከሩ ከ800 በላይ ሰዎችን ጠይቀው ነበር። ከመቶ 88ቱ ገንዘብ ተርፎናል አሉ። ከመቶ 71ዱ እንቅልፋችን ተሻሻለ አሉ። በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ ሲጠየቁ ደግሞ፣ በሳምንት የሚጠጡባቸው ቀናት በአማካይ ከ4.3 ወደ 3.3 ዝቅ ብለው ተገኙ። እንግዲህ አንድ ወር የታገሠ ሰው በሰባተኛው ወርም ቅናሹ አብሮት ነበር ማለት ነው።

ከነዚህ ቁጥሮች ሁሉ እኔን የያዘኝ የመጀመሪያው ነው። ከመቶ 88ቱ ገንዘብ ተርፎናል ብለዋል። ታዲያ የተረፈው የት ገባ? ዘመቻዎቹ ስፖንሰር የሚፈልጉት፣ ገንዘቡን በወሩ መጀመሪያ የሚያስመዘግቡት ይህ ጥያቄ ስለገባቸው ይመስለኛል። የተረፈ ገንዘብ ብቻውን ወደ ሆስፒታል አይሄድም። የሚወስደው ሰው ይፈልጋል።

እህል በረንዳ ላይ የሆነው

አሁን የራሴን ላውጋችሁ። በ2014 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ መርካቶ፣ እህል በረንዳ የምንውል 5 ደላሎች ነበርን። ማታ ማታ ከገበያው ራቅ ባለች አንዲት ግሮሰሪ እንሰበሰባለን። የቀኑን ኮሚሽን እንካፈላለን፣ የነገውን ጭነት እናወራለን፣ በመሀሉም አንድ ሁለት ማለት አለ። አንድ ቀን አብሮን ለዓመታት የሠራ ጫኝና አውራጅ መጥቶ ከበሩ ቆመ። ግባ ብንለውም አልገባም። ልጁ ታማ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ተልካለች፤ መድኃኒቱን ከውጭ ግዙ ተብሏል፤ እሱ ደግሞ በቀን ስንት ጆንያ ቢሸከም አይደርስበትም።

የኛ ሰው በሞቅታ ሰዓት ልቡ ሰፊ ነው። አንዱ ብድግ ብሎ «ከነገ ጀምሮ አንድ ወር የመጠጥ ጠብታ አንቀምስም፤ የመጠጡን ብር ለልጅቷ!» አለ። ሁላችንም እጅ አወጣን። ለቃል ኪዳኑ ማሰሪያ እንዲሆን ደግሞ አንድ አንድ ተጨማሪ አዘዝን።

እውነቱን ለመናገር ቃላችንን ጠበቅን። አምስታችንም ወሩን ሙሉ አልጠጣንም። በግሮሰሪዋ በኩል ስናልፍ አንገታችንን አዙረን ነበር። ነሐሴ 1 ቀን ተሰብስበን «ያለህን አውጣ» ተባባልን። ለአምስታችን የተገኘው 2,300 ብር ነው።

እርስ በርስ ተያየን። በአንድ ወር እንኳን 5 ሰው፣ ከመካከላችን አንዱ ብቻውን ከዚያ በላይ ይጠጣል። ገንዘቡ የት ገባ? አንዱ ቤቱ በጊዜ መግባት ሲጀምር ልጆቹን ምሳ ክትፎ ወስዷል። አንዱ የቀረበትን ዕቁብ ከፍሏል። አንዱ «ይመለሳል» ተብሎ ለዘመድ አበድሯል። የኔ ደግሞ ባስበው ባስበው ሊታወሰኝ አልቻለም። ማኪያቶ፣ ጭማቂ፣ የራይድ ታክሲ... ብቻ ሄዷል። ማንም አልሰረቀም፣ ማንም አልዋሸም። ግን ማንም ደብተር አልያዘም ነበር።

ያቺን 2,300 ብር በፖስታ አድርገን ሰጠነው። በሁለት እጁ ተቀብሎ «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» አለኝ። ከዚያ በላይ አንድ ቃል አልተናገረም። ነገሩ ያለቀ መስሎን ነበር። ከሳምንት በኋላ ነው አንድ የእህል መጋዘን ባለቤት የነገረን። ለካ ይህ ሰው በኛ ቃል ተማምኖ፣ «የደላሎቹ ብር ሲመጣ እከፍላለሁ» ብሎ 15,000 ብር ተበድሮ መድኃኒቱን ገዝቷል። የኛን ቃል ነው ያስያዘው። ልጅቷ ዳነች። አባቷ ግን ዕዳውን ጆንያ እየተሸከመ ለወራት ሲከፍል በዓይናችን አየን።

ደላላ ከቃሉ ሌላ ምን ካፒታል አለው? ሱቅ የለው፣ መጋዘን የለው። «ነገ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ 50 ኩንታል ይገባል» ብሎ ካልገባ በበነጋታው ማንም ስልኩን አያነሳለትም። እኛ ለማናውቀው ነጋዴ በቃላችን እንቆማለን። ለምናውቀው ተሸካሚ ግን ቃላችን በማኪያቶ አለቀ። ይህን ነው አፈርሁበት ያልሁት።

ዳኛና ጸሐፊ ያለው ወር

በማግስቱ ዓመት፣ በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ሊገባ ሲል ደግመን ተሰበሰብን። አሁን ግን እንደ ዕቁብ አደረግነው። ዳኛ መረጥን፣ ጸሐፊ ሾምን፣ ሰኔ 30 ቀን የመክፈያ ቀን እንዲሆን ቆረጥን። ወሩ ሳይጀመር ይከፈላል፤ «ሲተርፈኝ» የሚባል ነገር የለም።

«እያንዳንዳችን ስንት እንክፈል?» ሲባል ሌላ ጣጣ መጣ። ሁሉም ከአእምሮው ሲናገር በጣም ትንሽ ሆነ። ጠጪ የጠጣውን በግማሽ ነው የሚያስታውሰው፤ የጋበዘውንማ ጨርሶ ይረሳዋል። በዚህ ጊዜ ጸሐፊያችን አንድ ብልሃት አመጣ። ወደ ግሮሰሪዋ ሄዶ ባለቤቷን የዱቤ ደብተሯን ጠየቃት። ያለፈው ወር የአምስታችን ስም ከነቁጥሩ ተዘርዝሮ ተገኘ። ሲደመር 23,000 ብር ሆነ! ሁለቱ «ይኼ የኔ አይደለም» ብለው ሊከራከሩ ሲሉ ሴትዮዋ ቀንና ሰዓት እየጠቀሰች አፋቸውን አስያዘቻቸው።

23,000 ብሩን ከፈልን። ከመካከላችን አንዱ ሐምሌ 12 ቀን ከጎጃም የመጣ ደንበኛ አስገድዶት አንድ ምሽት ጠጣ፤ 500 ብር ተቀጣ። ከተሰበሰበው ላይ 12,700 ብሩን ለዚያው ለጫኙ ወስደን «ያምናው ቀሪ ነው» አልነው። ተቀብሎን ፊታችን ቆጠረው። ቆጥሮ ሲጨርስ «ልክ ነው» አለ። በሕይወቴ ከሰማኋቸው ምርቃቶች ሁሉ ያቺ «ልክ ነው» ትበልጥብኛለች። የቀረውን 10,800 ብር ከክፍለ ሀገር ለሕክምና መጥታ ማደሪያ ላጣች አንዲት እናት አልጋ ተከራየንበት።

በሁለቱ ዓመታት የጠጣነው እኩል ነው፤ ምንም። የሰጠነው ግን አንዱ 2,300፣ ሌላው 23,500 ብር ነው። ሰዎቹ ያው፣ ልባችንም ያው ነበር። የተለወጠው ደብተሩና የመክፈያው ቀን ነው።

ለምን ስፖንሰር አልፈለግንም?

የውጭዎቹ ዘመቻዎች ከወዳጅ ገንዘብ ይለምናሉ። ለነሱ ሠርቶላቸዋል። ለኛ ገበያ ግን የራስን የመጠጥ ሒሳብ መክፈል ይሻላል ባይ ነኝ። አንደኛ፣ ነጋዴው በየዕለቱ የድጋፍ ደብዳቤ ይዞ የሚመጣ ሰው ሰልችቶታል። «እኔ ስላልጠጣሁ አንተ ክፈል» ቢሉት «ባትጠጣ ለራስህ ነው» ማለቱ አይቀርም፤ አይፈረድበትም። ሁለተኛ፣ ከሰው ኪስ በተገኘ ገንዘብ የሚመሰገነው ሌላ ሰው ይሆናል። የራስን ቢራ ሒሳብ ለታማሚ ማዛወር ግን ወጪ አይጨምርም፤ ወጪው የነበረ ነው፣ አድራሻው ብቻ ነው የሚለወጠው። ይህ ለነጋዴ የሚገባ ቋንቋ ነው።

ደግሞም ነገሩ ለባህላችን ባዕድ አይደለም። የቤተ ክርስቲያን መምህራን ጾም ከሚያሰክር መጠጥ መራቅንም እንደሚጨምር፣ ከምግብ የተረፈውም ለድሃ እንደሚሰጥ ሲያስተምሩ ኖረዋል። እስላም ወገኖቻችን መጠጡን ቀድሞውኑ አይነኩትም፤ ዘካ ግን በደንቡ መሠረት ዓመት ከሞላው ሀብት 2.5 በመቶ ተሰልቶ ይወጣል። አሥራትም ከ10 አንድ ነው። አባቶች ለቸርነት ቁጥር ያበጁለት ያለ ምክንያት አይመስለኝም። «የቻልኸውን ስጥ» ከተባለ ሰው የሚችለው ሁልጊዜ ትንሽ ነው። መጠጥ የማይቀምሰው አንባቢም ቢሆን ከዚህ ዘመቻ አይቀርም። ሲጋራው፣ ጫቱ፣ የእሁድ ጥሬ ሥጋው፣ በደብተር ሊሰፍር የሚችል አንድ ነገር አይጠፋም።

ወሩ ሐምሌ ይሁን ያልሁበትም ምክንያት አለኝ። በዐቢይ ጾም 55 ቀን መጠጥ የሚተው ሰው «ለበጎ አድራጎት ተውሁ» ቢል አንዱን ዕቃ ሁለት ጊዜ እንደመሸጥ ነው፤ ድሮም ሊተወው ነበርና። ሐምሌ ግን የሐዋርያት ጾም በ5 ከተፈታ በኋላ የፍልሰታ ጾም በነሐሴ 1 እስኪገባ ድረስ ክፍት ነው። የበጀት ዓመቱም ሰኔ 30 ተዘግቶ አዲሱ የሚጀመርበት ወር ነው። ነጋዴ ደብተሩን በሚያድስበት ሰሞን ይህችን አንዲት ገጽ ቢጨምርባት ምን ይከብደዋል?

ካልጠጣን እንዴት እንገበያያለን?

ይህ ከደላላና ከአስመጪ ወዳጆቼ የሚነሳ ዋናው ተቃውሞ ነው። ንግድ በጠረጴዛ ዙሪያ ነው፤ ደንበኛ ሲጋብዝህ «አልጠጣም» ካልኸው ይቀየምሃል፣ ወይም ሐሳብህን ደብቀህ የምታዳምጠው ይመስለዋል ይላሉ። እውነትነት የለውም አልልም። በዚያ በ2015ቱ ሐምሌ አንድ ነባር ደንበኛ ፊቱን አጥቁሮብኛል። ነገር ግን ምክንያቱን ስነግረው፣ «እንዲያማ ከሆነ የኔንም ጻፍልኝ» ብሎ 1,000 ብር ለማሟያ የሰጠን ሌላ ደንበኛ ነበር።

ሌላውን ወገንም እንቁጠር እንጂ። በሞቅታ የተስማማንበት ዋጋ ጠዋት ሲነጋ ስንቱን አስለቅሷል? እኔ ራሴ አንድ ምሽት በውስኪ መሀል ኮሚሽኔን ግማሽ አድርጌ ፈቅጄ፣ ጠዋት «አላልሁም» ለማለት አፍሬ ከፍያለሁ። ያን ሐምሌ ግን ውሌን ሁሉ ጠዋት በቡና ጨረስሁ። ጠዋት የተዋዋለ ሰው ቁጥሩን አይረሳም። ስለዚህ ወሩ ለደላላ ኪሳራ ነው የሚለው ሒሳብ ሁለቱንም ዓምድ ያልደመረ ሒሳብ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ግን ከበድ ይላል። የግሮሰሪዋ ባለቤትስ? አስተናጋጇስ? ከዚህ ገጽ አንባቢ መካከልም የቢራ ፋብሪካ አክሲዮን የያዘ አይጠፋም፤ በሐበሻ ቢራ የአክሲዮን ሽያጭ ጊዜ የከተማው ሰው ምን ያህል እንደተረባረበ የምናስታውሰው ነው። የኛ ግሮሰሪ ባለቤት በዚያ ወር 23,000 ብር ሽያጭ ቀርቶባታል፤ ይህን መካድ አይገባም። እኛ ያደረግነው ወንበራችንን ሳንለቅ ሶፊ ማልትና አምቦ ውሃ ማዘዝ፣ ለአስተናጋጆቹ ደግሞ የወትሮውን ቲፕ ሳንቀንስ መተው ነው። የታሰበው ታማሚውን መርዳት ነው እንጂ በደመወዝ የማትኖረውን አስተናጋጅ መጉዳት አይደለም። የቢራ ፋብሪካዎቹም ቢሆኑ አልኮል የሌለበትን ማልት ይጠምቃሉ፤ ከአክሲዮኑ ትርፍ ላይ አንድ ወር የጎደለው አንድ ባለአክሲዮንን ከቤቱ አያስወጣውም።

ጥንቃቄ የሚያሻው

በዚህ ላይ ሳልናገር ባልፍ ኃጢአት የሚሆንብኝ አንድ ነገር አለ። ይህ የአንድ ወር ውድድር ለሁሉም ሰው አይደለም። ጠዋት ሳይቀምስ እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ ያለ መጠጥ ማደር የማይችል ሰው በውርርድ መንፈስ በአንድ ጊዜ ቢያቆም ሊጎዳ ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው ድንገት ሲያቆም ሰውነቱ ሊንዘፈዘፍ፣ ራሱን ሊስትና ሊቃዥ ይችላል፤ ለሕይወቱም ያሰጋዋል። ለሱ ያለው መንገድ ሐኪም ዘንድ ሄዶ በሐኪም ክትትል መተው ነው። ስለዚህ የዕቁቡ ዳኛ እንዲህ ያለ ወዳጅ ካለ «አንተ ገንዘቡን ክፈል፣ ለመተዉ ግን ሐኪም ጋ አብረን እንሂድ» ይበለው። ፌዝ የለበትም።

ሁለተኛው ጥንቃቄ የገንዘቡ ነው። 5 ሰው ለአንድ ለሚያውቁት ታማሚ ቢሰጥ በዓይኑ ያየዋል። 50 ሰው ሲሆን ግን ለታወቀ ድርጅት ገቢ አድርጎ ደረሰኝ መቀበል ይበጃል። ለካንሰር ሕሙማን እንደ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ፣ ለአረጋውያንና ለአእምሮ ሕሙማን እንደ መቄዶንያ ያሉ ሕዝብ የሚያውቃቸው ድርጅቶች አሉ። ገንዘቡ በአንድ ሰው ስም ከሚቀመጥ በሁለት ፊርማ በሚንቀሳቀስ የባንክ ሒሳብ ይግባ። ለነጋዴውም ደረሰኙ ሌላ ጥቅም ይኖረዋል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ በሕጉ ለታወቁ በጎ አድራጎት ድርጅቶች የተሰጠ ስጦታ ከግብር ከፋዩ ግብር የሚከፈልበት ገቢ እስከ 10 በመቶ ድረስ በወጪነት እንዲያዝ ፈቅዶ ነበር። በ2017 ዓ.ም. አዋጁ ስለተሻሻለ፣ ዝርዝሩን ከሒሳብ ባለሙያችሁ ጋር አይታችሁ አድርጉት። በእጅ ለግለሰብ የተሰጠ ብር ግን ጽድቅ እንጂ ወጪ ሆኖ አይያዝም።

እንግዲህ ሒሳቡን እናስላው። በሳምንት 4 ምሽት፣ በምሽት 500 ብር የሚያወጣ ሰው በ4 ሳምንት 8,000 ብር ያወጣል። በአንድ የገበያ አዳራሽ እንዲህ ያሉ 12 ሰዎች ቢገኙ 96,000 ብር ነው። ከመርካቶ አንዱ መደዳ ብቻ 12 ሰው አጥቶ ነው? 3,000 ዶላር ፈልገው የተነሱት የሲድኒ ጓደኛሞች ከኛ የሚለዩበት ምንም የለም። እነሱ ያሰቡት ለአንዲት ቴሌቪዥን ነበር። ገንዘቡን ግን በስም አስመዝግበው፣ በይፋ ቆጥረው፣ በቀኑ አደረሱት።

በመሆኑም ለአንባቢ የማቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። ሰኔ ሲያልቅ ወደምትዘወትሩበት ግሮሰሪ ሂዱና የዱቤ ደብተሩን ጠይቁ። ከአእምሯችሁ አትገምቱ። የተጻፈውን ቁጥር ሰኔ 30 ከመምሸቱ በፊት ክፈሉ፤ ከዚያ በኋላ ነው መጠጥ መተዉ የሚጀመረው። ወሩን ብታፈርሱ ቅጣታችሁን ክፈሉ፤ ታማሚው በናንተ ድካም አይክሰር። ለማን እንደምትሰጡ ሳትወስኑ ግን ለማንም ቃል አትግቡ፤ ቃላችሁን አስይዞ የሚበደር ሰው ሊኖር ይችላልና።

ያ ጫኝና አውራጅ ዛሬም እህል በረንዳ አለ። ባለፈ ባገደመ ቁጥር ሰላም ይለኛል። ጆንያውን አውርዶ ሲመጣ፣ እኔም ኮሚሽን ስቀበል ሁለታችንም አንድ ነገር እናደርጋለን፤ ብሩን ፊት ለፊት እንቆጥራለን። ቸር እንሰንብት።